አንገቷን የሚይዛት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፦ የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ

ሐምሌ 13፣ 2015 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። "ጤና ይስጥልኝ" ስላት ወደ እኔ ዞረች። የዞረችው ግን በአንገቷ አይደለም። እግሯን አንስታ፣ ትከሻዋንና ወገቧን አንድ ላይ ይዛ፣ ሰው እንደሚያዞረው ቁም ሳጥን ቀስ ብላ ዞረች።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እንዲህ የሚዞር ሰው ሲመጣ ገና ወንበር ሳይስብ ታሪኩን ግማሽ ያወቅሁት ይመስለኛል። የዚችን ሴት ጉዳይ የምጽፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር። ፈቃዷን ሰጥታኛለች፣ ጽሑፉንም አንብባዋለች። ስሟን፣ መሥሪያ ቤቷንና ሰፈሯን ትቻለሁ።

ዕድሜዋ 38 ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት። ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቅ ሰው ሰኔና ሐምሌ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቆጠራ አለ፣ ማስታረቅ አለ፣ የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ አለ። እሷ የዓመቱን መዝጊያ ለአለቃዋ ያስረከበችው ቅዳሜ ሐምሌ 8 ነው። እሑድ ተኛች። ሰኞ "ተመስገን፣ ተገላገልኩ" አለች። ማክሰኞ ጠዋት ከመደርደሪያ ላይ ስኒ ልታወርድ ቀና ስትል አንገቷን ያዛት።

"እንዴት ነው የያዘሽ?"

"እንደ ሌባ! ከኋላ ማጅራቴን።"

እንዲህ ሲይዛት በ14 ወር ውስጥ አምስተኛዋ ነው። ከአስር ስንት ያምሻል ስላት "አስራ ሁለት" አለችኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ አይደል እንዴ ብዬ ልቀልድ አሰብኩ። ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ፌስታሉ

እስካሁን ምን ተደረገልሽ ብዬ ጠየቅኋት። በቃል አልመለሰችልኝም። ጥቁር ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ዓይነት የዲክሎፌናክ ኪኒን፣ የሕመም ማስታገሻ ነው። የዲክሎፌናክ ቅባት። "ጡንቻ ያላላል" የተባለ ሌላ ኪኒን። ጎረቤት ያካፈለቻት ግማሽ እሽግ ዲያዜፓም፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት። የሚለጠፍ ፕላስተር። የአንገት ማሰሪያ ኮላር። ከሁሉም ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የኤምአርአይ ወረቀት።

የዲክሎፌናኩ ነገር አስደነገጠኝ። በሰኔው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አትቀምስም ነበር። ኪኒኑን ግን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች። "መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውኛል" አለችኝ። ጾሙን ላይሽር ይችላል፣ ጨጓራን ግን ይሽራል። ይሄ መድኃኒት ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። ጨጓራ፣ ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰውማ ሐኪም ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። በዚያን ሰሞን ሆዷም ከአንገቷ እኩል ያቃጥላት ጀምሮ ነበር። ለጨጓራዋ ወደ ሐኪም ላክኋት። ዲያዜፓሙን ለጎረቤቷ እንድትመልስ ነገርኳት። የሚለመድ መድኃኒት በቡና ላይ አይታደልም።

ኮላሩን ሦስት ሳምንት ሙሉ አድርጋዋለች፣ ስትተኛ ጭምር። ሲያዩት የሚያሳርፍ ይመስላል። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ቀኑን ሙሉ የሚሸከሙት የአንገት ጡንቻዎች ናቸው። ሥራቸውን ለሳምንታት ኮላር ሲሠራላቸው ይሰንፋሉ። አንገት ደግሞ "መንቀሳቀስ አደገኛ ነው" የሚል ትምህርት ይማራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ኮላር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ከሁሉም የባሰው ወረቀቱ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ዲስክ፣ በአንገት አጥንቶች መሀል ያለው ልስልስ ንጣፍ፣ አበጥ ብሏል ይላል። እሷ ግን የምታነበው "ዲስኬ ተንሸራቷል" ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን አላነሳችም። በጃፓን 1,211 ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች የአንገት ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። 87.6 በመቶዎቹ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉትም አብዛኞቹ ነበረባቸው። እነዚህ ሰዎች ምንም አላመማቸውም። ይህንን ስነግራት ወረቀቱን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ታዲያ ይሄን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ወጌሻ ጋም ሄዳ ነበር። ከወጌሻ ጋር ጠብ የለኝም። እጃቸው ብዙ የሚያውቅ ሰዎች አሉ። ግን አንገቷን ይዘው በድንገት ቀጭ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ቤቱ ሲዞርባት ዋለ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱ ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የሥሩ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል። ያ ደግሞ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን መመለሻ የለውም። አንገት ማስቀጨት ይቅርባችሁ፣ ቀጪው ማንም ይሁን ማን።

መጀመሪያ የሚፈራው

ከመንካቴ በፊት መፍራት ያለብኝን ነገር ፈራሁ። ማጅራት ገትር የሚለው ስም ራሱ ምርመራ ነው፦ ማጅራትን የሚገትር። ኢትዮጵያም በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ካሉ አገሮች አንዷ ናት። የአንገት መድረቅ ከትኩሳት፣ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከማስመለስ ወይም ብርሃን ከመፍራት ጋር ከመጣ ጉዳዩ የእኔ አይደለም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የአከርካሪ ቲቢም አለ። ሌሊት ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ሕመሙ ተኝተውም አይተውም። እጇ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ዕቃ ከእጇ ይወድቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ መራመድ፣ ሽንት መያዝ አስቸግሯት እንደሆነም ጠየቅኋት። ደረቷን ተጭኖ ወደ መንጋጋና ክንድ የሚሄድ ሕመም ልብ ሊሆን ስለሚችል እሱንም አልዘለልኩትም። አደጋ? መውደቅ? አንዱም የለም።

ከዚያ አንገቷን አየሁ። ወደ ቀኝ ደህና ትዞራለች። ወደ ግራ 25 ዲግሪ ገደማ ሄዳ ቆመች። ጤነኛ አንገት 70 እና 80 ዲግሪ ድረስ ይዞራል። ከላይኞቹ አራት የአንገት አጥንቶች ተነስቶ እስከ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት የላይኛ ጥግ የሚወርድ ጡንቻ አለ። ትከሻን ወደ ላይ የሚስበው እሱ ነው። በቀኝ በኩል ያለው እጄ ሲነካው እንደ ጠፍር ተወጥሯል።

አሁን ወደ ስህተቴ። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኮምፒዩተር፣ ሐምሌ። ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። ወንበርሽን አስተካክዪ፣ ስክሪኑን በዓይንሽ ልክ አድርጊ፣ በየ30 ደቂቃው የሚያስነሳሽ አላርም ሙዪ፣ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ያዢበት አልኳት። በቴሌግራም የሚዞረውን ምስል ታውቁት ይሆናል፦ ስልክ አጎንብሰን ስናይ አንገታችን 27 ኪሎ ይሸከማል የሚለውን። ቁጥሩ አንድ የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በሞዴል ያሰላው ነው እንጂ በሰው ላይ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። ይህንን እያወቅሁ እኔም ያው አቀማመጥ ላይ ሙጭጭ አልኩ።

በሳምንቱ ስትመለስ ሕመሙ በግማሽ ቀንሷል። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። ድንገት የሚይዝ አንገት አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። አላርሙን በሦስተኛው ቀን አጥፍታዋለች። "በየሰላሳ ደቂቃው ሲጮህብኝ እሱም አለቃ ሆነብኝ" አለችኝ። ልክ ናት።

ስልኩ

እየተነጋገርን ስልኳ ጭኗ ላይ ነዘረ። ዝቅ ብላ አየችው። እኔ ትከሻዋን እያየሁ ነበር።

ቀኝ ትከሻዋ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጆሮዋ ወጣ። መንጋጋዋ ገጠመ። ትንፋሿ ቆመ። አላነሳችውም። ጥሪው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ስለ ትራስ ማውራታችንን ቀጠልን። ከፍ ይሻላል ወይስ ዝቅ? ጥጥ ነው ስፖንጅ? እንዲህ ስንል አምስት ደቂቃ ሄደ። ትከሻው ግን አልወረደም።

"ትከሻሽ የት ነው ያለው?" አልኳት።

"የት ይሆናል? ቦታው ላይ ነዋ።"

መስታወቱ ፊት አቆምኳት። አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ ሲታያት ሳቀች። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የደወለው ባንክ ነው። ወንድሟ ለንግድ ብድር ሲወስድ ዋስ ሆና ፈርማለታለች። ሦስት ወር አልከፈለም። ሲደወልለት አያነሳም፣ ስለዚህ የሚደወለው ለእሷ ነው። ባሏ አያውቅም። እናቷም አታውቅም። "እማዬ ብትሰማ ደሟ ይነሳባታል" አለችኝ። ይህን ነገር ለአንድ ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖራለች።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መምረጥ ነበረብኝ። ከዚያ በፊት የሄደችበት አንድ ክሊኒክ "ጭንቀት ነው፣ ምንም የለብሽም" ብሏታል። ታክሲ ውስጥ እያለቀሰች ነው ቤቷ የገባችው። በእኛ አገር ጭንቀት ሲባል ሰው የሚሰማው ሌላ ነው፦ አስመሳይ፣ ደካማ፣ አለዚያም የአእምሮ ሕመምተኛ። "ምንም የለብሽም" የሚለውማ ውሸት ነው። ጡንቻዋ እጄ ሥር ተወጥሮ እያየሁት ምኑ ነው የሌለባት? ስለዚህ ጭንቀት የሚለውን ቃል ተውኩት።

"ውጥረትስ አለ?"

"ውጥረትማ አለ እንጂ!"

ጥሩ ቃል ነው። ከበሮ ይወጠራል፣ ድንኳን ይወጠራል፣ ሰው ይወጠራል፣ ጡንቻም ይወጠራል። የሐሳቡንና የሥጋውን ለመለየት አያስገድድም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ቃል ተግባባን።

ቀድማ የምትነሳ፣ ዘግይታ የምትተኛ

ጡንቻው እንዴት እንዲህ ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ነው ያስረዳኋት።

ሰው ስጋት ሲሰማው ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመጋፈጥ ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ጅብ ቢሆን ኖሮ ሮጠን እንጨርሰው ነበር። ባንክ ሲደውል ግን አይሮጥም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻን ሰቅሎ መጠበቅ ነው። ጡንቻው ላይ የሚያርፈው ኃይል ትንሽ ነው። ግን እረፍት የለውም።

ዮራን ሄግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ይህንን በተረት ውስጥ ቀድማ ተነስታ ዘግይታ በምትተኛው በሲንደሬላ ምሳሌ አስረድቶታል። በአንድ ጡንቻ ውስጥ ለቀላል ሥራ መጀመሪያ የሚጠሩ ጥቃቅን ክሮች አሉ። እነሱ ቀድመው ይነሳሉ፣ ጡንቻው ፈጽሞ እስኪላላ ድረስም አይለቀቁም። ትላልቆቹ ተኝተው እነሱ ብቻ ይሠራሉ። መላ ምት ነው፣ ሁሉንም ሕመም አያስረዳም። ግን እሷ ወዲያው ገባት። "እኔ ቤት ውስጥ እንዲህ ነኝ" አለች። ቀድማ ተነስታ ምሳ ዕቃ የምትቋጥረው፣ ዘግይታ ዕቃ አጥባ የምትተኛው እሷ ናት።

በዚህ ላይ ፍርሃቱ ተደመረ። "ዲስኬ ሊወጣ ነው" ብላ አንገቷን ማዞር ካቆመች ቆይታለች። አሞኛልና ልጠብቀው ማለቷ ነው። ለመጠበቅ ደግሞ መወጠር ያስፈልጋል። ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ብቻዋን አይደለችም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የአንገት ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 203 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል። ይህንን ስነግራት "እነሱም ዋስ ፈርመው ነው?" አለችኝ።

ሠንጠረዡ

ለስድስት ሳምንት ማስታወሻ እንድትይዝ ጠየቅኋት። እኔ የጠበቅኩት ደብተር ነበር። ይዛ የመጣችው ኤክሴል ነው። ቀን፣ የሕመም መጠን፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ ሥራ፣ "ሌላ"። የድሮዎቹን አምስት ጊዜዎች ከመሥሪያ ቤት ኢሜይልና ከክሊኒክ ካርዶች ላይ ቆፍራ አውጥታ ከላይ ጨምራቸዋለች። ሒሳብ ሠራተኛ ሲታመም እንዲህ ነው።

ከአምስቱ አራቱ ትልቅ ሥራ ካስረከበች በኋላ ባሉት ከሁለት እስከ አራት ቀናት ውስጥ የመጡ ናቸው። በሥራው መሀል የመጣ አንድም የለም። አምስተኛው የመጣው ባንኩ መጀመሪያ በደወለ ማግስት ነው። ይህንን ያየችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም የሚያማትን ቀን ነበር የምናየው። የሚያማት ቀን ግን የቅዳሜውን ዕዳ የምትከፍልበት ማክሰኞ ነው። በሥራው ሳምንት አምስት ሰዓት ትተኛለች፣ ምሳዋን ስክሪን ፊት ትበላለች፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተጋድማ ትውላለች። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም። በእሷ ሠንጠረዥ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ሥራችንን ከማክሰኞ ወደ ሥራው ሳምንት መለስነው። ያደረግነው ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ትከሻ ማውረድ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፦ ጡንቻን ሆን ብሎ ማጥበቅ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ልዩነቱን ማወቅ። ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ትሰቅላለች፣ አምስት ትቆጥራለች፣ ረጅም ትንፋሽ እያወጣች ትለቀዋለች። ሦስት ጊዜ። መቼ? ኔትወርክ ሲቆራረጥና የሒሳብ ሲስተሙ ሲሽከረከር። በአዲስ አበባ ለዚህ የሚሆን ጊዜ አይጠፋም። አላርም አያስፈልግም፣ ያ የሚሽከረከር ክብ ራሱ ያስታውሳታል። ባንኩ ሲደውልም እንዲሁ፦ መጀመሪያ ትከሻ ይወርዳል፣ ከዚያ ስልክ ይነሳል። መነሳቱ አስፈላጊ ነው። አለማንሳቱ ቀኑን ሙሉ ይወጥራታል።

ቀጥሎ ላስቲክ። በዴንማርክ 198 አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸው የቢሮ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። በቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአስር ሳምንት በላስቲክ እጃቸውን ወደ ጎን እያነሱ የሠሩት ሰዎች ሕመማቸው ቀንሷል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ከሠሩት ጋር ብዙም አልተራራቁም። ሁለት ደቂቃ ለእናት የሚበቃ ጊዜ ነው። የስፖርት ላስቲክ ከመግዛት የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ቆረጠች። መሀሉን በእግሯ ትረግጣለች፣ ጫፎቹን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ትከሻዋ ቁመት ታነሳለች። የመጀመሪያው ሳምንት አመማት። ልትተወው ነበር። ትንሹ ልጇ ነው ያስቀጠላት፣ ላስቲኩን ፈልጎ "እማ፣ ጂም!" እያለ ይመጣል።

ያልሠራም ነገር አለ። ሦስት ትራስ ቀይራ ምንም አላገኘችም። ካርቶን ደራርባ ቆማ ለመሥራት ሞከረች። ወገቧን አመማት። አለቃዋ ማታ በሦስትና በአራት ሰዓት በቴሌግራም የሚልከው ነገር እንዲቀር ጠየቀችው። "እሺ" አለ፣ ለሁለት ሳምንት ተወው፣ ከዚያ ያው ሆነ። ድምፁን አጥፍታ ሌላ ክፍል ታስቀምጠዋለች አሁን።

ለባሏ የነገረችው በነሐሴ ነው፣ በፍልሰታ ጾም መሀል። እኔ ንገሪው አላልኳትም፣ ሥራዬም አይደለም። ተቆጣ፣ ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን አብረው ባንክ ሄዱና የተዘለለው ወርሃዊ ክፍያ እንዲከፋፈል ተነጋገሩ። በዚያ ሳምንት ሠንጠረዡ ላይ "ሌላ" በሚለው ዓምድ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፦ "ተነፈስኩ"።

ጥር

ከሐምሌ በኋላ አልያዛትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ግብር ተዘግቶ በኅዳር መጀመሪያ ቀለል ያለ መጣባት። ከባዱ የመጣው በጥር ነው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ማክሰኞ ጥር 14፣ ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። ረቡዕ ጠዋት አንገቷ አልዞር አለ። ደወለችልኝ። ድምፅዋ ግን እንደ ሐምሌው አልነበረም። "መጣ። ወረቀቴን እያየሁ ነው" አለችኝ።

ወረቀቱ የወጥ ቤት ቁምሳጥን በር ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ነው። ደህና በነበረችበት ቀን በእጇ የጻፈችው ነው። ሲያመን የምንወስነው ውሳኔ ለራሳችን አይበጅም። እኔ አንድ ሁለት ነገር ነው ያረምኩት፣ ቋንቋው የእሷ ነው፦

"ይሄን አውቀዋለሁ። አምስት ጊዜ መጥቷል፣ አምስት ጊዜ ሄዷል። ዲስኬ አልወጣም። ትኩሳት አለኝ? እጄ ደንዝዟል? ካለ ሐኪም ቤት። ከሌለ ሙቅ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ። አንገቴን እስከሚያመኝ ድረስ ሳይሆን እስከሚፈቅድልኝ ድረስ በየሰዓቱ ቀስ ብዬ ላዙር። ተኝቼ አልውልም። ኮላር የለም። ወጌሻ የለም። ኪኒን ካስፈለገ ከምግብ ጋር። ለእናቴ አልደውልም፣ ታስፈራራኛለች።"

የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቅሁ። እውነት ነው ግን። በቤቱ ውስጥ "ውይ ልጄን! አትነቃነቂ!" የሚል ሰው ካለ አንገት መልሶ ይደርቃል።

ረቡዕ ቢሮ አልሄደችም፣ ግን አልተኛችም። ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጥ ሠራች። ሐሙስ ግማሽ ቀን ገባች። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መንገጫገጩ ስለሚብስባት ቀድማ ተሰልፋ ከፊት ተቀመጠች። ዓርብ ወደ ግራ 50 ዲግሪ ያህል ዞረች። የለካሁት በቪዲዮ ነው፣ ስለዚህ ገደማ በሉት። ለአስተርእዮ ማርያም ደህና ነበረች። በሐምሌ ይህንኑ መንገድ ለመጨረስ 19 ቀን ወስዶባት ነበር፣ አሁን ስድስት ቀን ሆነ። መድኃኒት የወሰደችው ሁለት ፍሬ ነው።

የትኛው ነው የጠቀማት? ላስቲኩ? ትንፋሹ? ባሏ ማወቁ? የኤምአርአዩ ፍርሃት መልቀቁ? ከአንድ ሰው ታሪክ ይህን መለየት አይቻልም፣ ለየሁ የሚላችሁን አትመኑ። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ ግን ትልቁ ለውጥ "ዲስኬ" ማለት ማቆሟ ይመስለኛል። ሁለተኛው ሠንጠረዡ ነው።

ብድሩ አሁንም አላለቀም። ወንድሟ አንዳንድ ወር ይከፍላል፣ አንዳንድ ወር አይከፍልም። ከእሱ ጋር ግን መነጋገር ጀምረዋል።

መጀመሪያ ቀን ምን ማድረግ ብትችይ ደስ ይልሻል ብዬ ጠይቄያት ነበር። ልጄን ማንሳት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። "መስገድ" አለችኝ። አንገቷ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ስግደት ትታ ነበር። ስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስለዚህ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይህንን ተለማመድን። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ እጇን አሳርፋ፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ፣ ቀጥሎ በጉልበት፣ በመጨረሻ ግንባር መሬት እስኪነካ። ሦስት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ አስራ ሁለት።

ሚያዝያ 25፣ 2016 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። ማታ መልእክት ገባልኝ፦

"ዶክተር፣ 41 ሰገድኩ። አንገቴ ምንም አላለኝም። ጉልበቴ ግን ደረጃ አላስወርድ ብሎኛል። እሱም ኤክሴል ይፈልጋል?"

ዶክተር አይደለሁም ብያታለሁ፣ ስንት ጊዜ።